ደሴ ላይ የወንጀል ይግባኝ ጠበቃ ለምትፈልጉ

ይህን የምጽፈው አንድ ጠበቃ ለማመስገን ነው። በዚያውም ለቸገረው ሰው ጥቆማ ይሁን።

ታናሽ ወንድሜና የአጎታችን ልጅ በእርሻ ድንበር ተጣሉ። ዱላ ተማዘዙና የአጎታችን ልጅ ክንድ ተሰበረ። ማን ጀመረ የሚለውን እዚህ አላነሳም፤ ሁለቱም ሥጋዬ ናቸው። የወረዳው ፍርድ ቤት ወንድሜን በከባድ የአካል ጉዳት፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555፣ ጥፋተኛ ብሎ እስራት ፈረደበት። አንቀጹ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ነው።

ይግባኝ እንበል ስንል መጀመሪያ ያገኘነው ሰውዬ «ችሎቱ ላይ ሰው አለኝ፤ እናንተ ብቻ እጃችሁን ዘርጉ» አለን። እንዲህ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፣ ከፍርድ ቤት በር አይጠፋም። ትተነው ሄድን።

ደሴ ያገኘነው ጠበቃ ሌላ ሰው ነው። እናቴ «ልጄን አስፈታልኝ» ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ብድግ ብሎ ያዛት። «እማማ፣ አብሽሩ። ግን ይፈታል ብዬ አልምልልዎትም» አላት። ከዚያ ወረቀቱን ጠየቀ። የሐኪም ማስረጃውን በእስክሪብቶ እየተከተለ መስመር በመስመር አነበበው። «የክንድ አጥንት ስብራት» ይላል። ለሕይወት ያሰጋል አይልም፤ ዘላቂ ጉዳት ይተዋል የሚልም የለም። ክርክሩን እዚህች ላይ ተከለው። ጉዳዩ መታየት ያለበት በአንቀጽ 556፣ በቀላል የአካል ጉዳት፣ ነው፤ ዱላ ስላለበትም በንዑስ አንቀጽ 2፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት አለ። «ሆኖም 555 ላይ ሰፋ አድርጎ የሚተረጎም ንዑስ ቁጥር ስላለ ዳኞቹ በዚያ ሊያጸኑት ይችላሉ» ብሎም ነገረን። ተስፋ ሊሸጥልን አልፈለገም።

ጊዜውን ያዳነልንም እሱ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ መጠየቅን በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጊዜው የሚያልፍበት እዚህ ጋ ነው።

ሽማግሌ ነገር እኛ ወሎ ታውቁታላችሁ፤ ፍርድ ቤት ያለው ፍርድ ቤት፣ ዱዓው ደግሞ በጎን ይቀጥላል። ዘመድ ሁሉ «ከታረቁ ፋይሉ ይዘጋል» ይል ነበር። ጠበቃው ይህን አስተካከለልን። በ555 የተያዘ ጉዳይ በእርቅ ብቻ አይዘጋም። ግን ማሳከሙ፣ መካሱና ከልብ መጸጸቱ በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ይሆናል። «ታረቁ፣ የሕክምናውንም ወጪ ክፈሉ። ግን የተጎዳውን ልጅ ቃልህን ቀይር እንዳትሉት፤ ያን ካደረጋችሁ እኔ የለሁበትም» አለ። ይህችን ንግግሩን እኔ ከሁሉም በላይ ወደድኳት። የተሰበረው ልጅም እኮ የእኛው ነው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቡናው ፈላ፣ ካሳው ተከፈለ፣ የእርቁም ሰነድ ከማመልከቻው ጋር ተያያዘ።

የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግራ ቀኙን ሰምቶ አንቀጹን ወደ 556(2) ለወጠው፤ ቅጣቱንም ቀንሶ በገደብ አደረገው። ወንድሜ ነጻ ነህ አልተባለም፣ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ነው። ግን ቤቱ ገብቷል። የአጎታችን ልጅም ክንዱ ድኖለት አርሷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ክፍያውን ከፋፍለን ነው የከፈልነው፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ቆርጦልናል። አንድ የማልወድለት ነገር ስልክ ቶሎ አለማንሳቱ ነው። ችሎት ላይ ከሆነ እስከ ማታ አትጠብቁት።

ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት እሱ ስላልፈለገ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። ስትሄዱ የክሱን ወረቀት፣ የፍርዱን ግልባጭና የሐኪም ማስረጃውን ያዙ፤ ወረቀት ሳያይ ምንም አይላችሁም። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።