አልፓካ ወይስ የበግ ሱፍ? ከጠጉሩ እስከ እንዝርቱ፣ ለገዢ የቀረበ ንጽጽር

አልፓካን፣ የደቡብ አሜሪካውን የግመል ዘመድ ጠጉር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካ ሰው የበግ ሱፍን ወዲያው ይንቃል። ይለሰልሳል፣ ይሞቃል፣ ያንጸባርቃል። ችግሩ ጣት የሚያውቀው ልስላሴን ብቻ መሆኑ ነው። ክብደትን በጣት መገመት አይቻልም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጉልበት የሚወርድን ሹራብም እንዲሁ። ስለዚህ ጠጉር፣ ክር ወይም እንዝርት ከመምረጣችሁ በፊት የምትሠሩትን ነገር ወስኑ። ያን የወሰነ ሰው ግማሹን ምርጫ ጨርሷል።

ሁለቱ ጠጉሮች ጎን ለጎን

የበግ ጠጉር እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ነው፤ ሲጎትቱት ይረዝማል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የሹራብ እጅጌ ጫፍ አንጓን ጨብጦ የሚቆየው በዚህ ባሕርዩ ነው። አልፓካ ላይ ይህ ጥምዝ አነስተኛ ነው፤ ሱሪ በተባለው የአልፓካ ዓይነት ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። አንዴ የተለጠጠ የአልፓካ ክር ወደ ነበረበት የመመለስ ጉልበቱ ደካማ ነው። ከንጹሕ አልፓካ የተሠራ ረጅም ሹራብ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ማንጠልጠያ ላይ ከተሰቀለማ ይብስበታል።

ክብደቱም ከዚሁ ይመጣል። የተጠማዘዘ ጠጉር በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ክሩ ይነፋል። አልፓካ ግን እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ፣ ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ክሮች መካከል የአልፓካው በ100 ግራም የሚሰጠው ርዝመት ብዙ ጊዜ ያንሳል። ክር ስትገዙ ግራሙን ተዉትና ሜትሩን አነጻጽሩ። በ100 ግራም 400 ሜትር ገደማ ያለው ለካልሲና ለስስ ሻል የሚሆን ቀጭን ክር ነው። 200 ሜትር ገደማ ያለው ለተለመደ ሹራብ ይሆናል፤ 100 ሜትር ገደማ ያለው ለወፍራም ኮፍያና ለብርድ ልብስ።

| | አልፓካ | የበግ ሱፍ | የሁለቱ ቅልቅል |
|---|---|---|---|
| ተለጥጦ መመለስ | ደካማ | ጥሩ | መካከለኛ፤ እንደ ሱፉ መጠን |
| ክብደት ላይ | ይከብዳል | ይቀላል | መካከለኛ |
| ጥሬው ላይ ያለው ቆሻሻ | አቧራና ገለባ፣ ስብ የለም ማለት ይቻላል | ብዙ ስብ | — |
| ሲፈተል | ያንሸራትታል | ይያያዛል | ለጀማሪ ይመቻል |
| የሚያምርበት | ሻል፣ ስካርፍ፣ የአንገት ልብስ | ሹራብ፣ ካልሲ፣ ጓንት | ሹራብ፣ ኮፍያ |

ከሠንጠረዡ ውጭ የቀረ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፦ አልፓካ ሁሉ ከሱፍ ሁሉ ይለሰልሳል የሚለው። ልስላሴን የሚወስነው በዋናነት የጠጉሩ ቅጥነት ነው፤ የሚለካውም በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ጠጉር ሲበዛ ቆዳን ይወጋል፣ ከየትኛውም እንስሳ ይምጣ። የሜሪኖ በግ ሱፍ በአብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ሜሪኖ ከተራ አልፓካ ይለሰልሳል። አልፓካ ስብ ስለሌለው ለቆዳ ይስማማል የሚሉ ሻጮችም አሉ። ስቡ አለመኖሩ እውነት ነው፤ ሻካራው ጠጉር ግን ስብ ኖረውም አልኖረውም መኮስኮሱን አይተውም።

አብዛኛው የዓለም አልፓካ የሚገኘው በፔሩ ነው፤ የፔሩ የደረጃ አሰጣጥም ገዢን ይረዳል። 20 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው «ሱፐር ቤቢ» ይባላል፤ ከዚያ እስከ 23 ያለው «ቤቢ»፤ እስከ 26.5 ያለው «ፍሊስ»፤ እስከ 29 ያለው «ሚዲየም ፍሊስ»። ቤቢ አልፓካ የሚለው ጽሑፍ የሚነግራችሁ ቅጥነትን ነው፤ ዕድሜን አይደለም። ከጎልማሳ እንስሳ የተሸለተ ጠጉርም ቀጭን ከሆነ በዚሁ ስም ይሸጣል። ለአንገትና ለሕፃን ልብስ ከ23 በላይ ባትሄዱ ይሻላል። ለውጭ ኮትና ለቦርሳ ግን ለቤቢ ደረጃ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው፤ ቀጭን ጠጉር መፋተግን ብዙ አይችልም።

በዓይነት ደረጃ ዋካያና ሱሪ አሉ። ዋካያ የሚነፋና ለስላሳ ጠጉር ያለው፣ በብዛት የሚገኘው ነው። ሱሪ ረጃጅም፣ አንጸባራቂ ዘለላዎች አሉት። ለሚፈስ ሻልና ለሽመና ሱሪ አቻ የለውም፤ ለሹራብ ግን አልመክረውም።

ቅልቅልን አትናቁ

«100 በመቶ አልፓካ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ገዢን ያማልላል። ለሹራብ የሚሆነው ግን ከ20 እስከ 50 በመቶ አልፓካ ያለበት፣ የቀረው ሱፍ የሆነ ክር ነው፤ ልስላሴው አይጠፋም፣ ሱፉ ቅርጹን ይይዛል። ለካልሲ ትንሽ ናይሎን መጨመሩም አይጠላም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ታይተስ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ባለፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1836 ሊቨርፑል መጋዘን ውስጥ ገዢ ያጣ የአልፓካ ጠጉር አግኝቶ ገዛ። ከዚያ የወጣው ጨርቅ ሀብታም አደረገው፤ ዘዴው ጥጥን ድር፣ አልፓካን ማግ ማድረግ ነበር። ጥጡ ጨርቁን አጽንቶ ይይዛል፣ አልፓካው ውበቱን ይሰጣል።

ጥሬ፣ የተበጠረ ወይስ የተፈተለ?

ጥሬ ጠጉር በኪሎ ርካሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ የሚለወጠው ከታጠበ በኋላ ነው። የበግ ሱፍ ስቡ ሲወጣ ከክብደቱ ሢሶ እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል። አልፓካ የሚያጣው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን እንስሳው አቧራ ላይ መንከባለል ስለሚወድ ጠጉሩ ውስጥ የተሸሸገውን አሸዋ በዓይን አይቶ መገመት ያስቸግራል። ዘለላ አንሥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፤ የሚወርደውን ታያላችሁ።

ጥሬ ጠጉር ስትገዙ ከጀርባና ከጎን የተሸለተውን ብቻ ጠይቁ። የአንገቱ አጭር ሊሆን ይችላል፤ የእግርና የሆዱ ሻካራ ነው። ጥንካሬውን ለመፈተን ቀጭን ዘለላ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጆሮ አጠገብ ድንገት ሳብ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ቅርጥፍ ቅርጥፍ ካለ በመሃሉ የሚበጠስ ደካማ ቦታ አለው፤ ያ ጠጉር ሲበጠር ዱቄት ይሆንባችኋል። ርዝመቱ ከ7 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለእጅ ሥራ ይመቻል። ብል የበላው ምልክት፣ እንቁላል ወይም ደቃቅ ፍርፋሪ ካለ ግን ርካሽነቱ አያታልላችሁ፤ ብል ቤት ያለውንም ሱፍ ሁሉ ይጨርሳል።

ጥሬ ጠጉር ማጠብን የማትወዱ ከሆነ (ብዙ ሰው አይወደውም፣ ነውርም የለበትም) ታጥቦ የተበጠረውን ግዙ። ይህም በሁለት መንገድ ይቀርባል። በማበጠሪያ ተጎትቶ ጠጉሩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረው ለስላሳና ጠንካራ ክር ይሰጣል፤ ግን ንጹሕ አልፓካ ሲሆን በጀማሪ ጣት ውስጥ ያንሸራትታል። በባለ ጥርስ ሰሌዳ የተባዘተው ጠጉር ወዲህና ወዲያ የተያያዘ ስለሆነ ክሩ የሚነፋ ይሆናል፣ ለመፈተልም ይቀላል። መፍተልን የምትጀምሩት አሁን ከሆነ የመጀመሪያ ግዢያችሁ የተባዘተ የበግ ሱፍ ወይም ቅልቅል ይሁን፤ አልፓካው ቢዘገይ ምንም አይቀርበትም።

እንዝርት፦ የእጅ ሥራ ዋጋ የሚያወጣበት ቦታ

በእጅ የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ከፋብሪካው ይሻላል ብዬ አላምንም። እንዝርት ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል፤ እያንዳንዱን አሽከርክሮ፣ አስተካክሎ፣ የማይረካበትን የሚጥል ሠሪ ካገኛችሁ ተጨማሪውን መክፈል ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱ። ከ20 እስከ 30 ግራም የሚመዝን ለቀጭን ክር ነው፤ ከ30 እስከ 50 ለመካከለኛ፤ ከዚያ በላይ ለወፍራም ክርና ሁለት ፈትል ለመግመድ። አልፓካ ስለሚያንሸራትት በቂ ሳይከር ከባድ እንዝርት ከተንጠለጠለበት ተመዞ ይወድቃል። ለአልፓካ ከ30 ግራም በታች ያለውን አስቡ፤ ክሩንም ከሱፍ ይልቅ ጠበቅ አድርጋችሁ አክርሩት። ሻጩ ክብደቱን በግራም ካልጻፈ ጠይቁ። «ቀላል ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ቀጥሎ ቅርጹ። ክብደቱ በክቡ ጠርዝ ላይ የተከማቸ እንዝርት ቀስ ብሎ ግን ረጅም ጊዜ ይሽከረከራል፤ መሃሉ ላይ የተከማቸ ፈጥኖ ተሽከርክሮ ቶሎ ይቆማል። ክቡ ከላይ የሆነው ዘንጉን በጭን ላይ አንከባሎ ለማስነሣት ይመቻል፣ ፍጥነትም ያገኛል። ክቡ ከታች የሆነው ረጋ ያለ ነው። የቱርክ የሚባለው በክብ ፈንታ የሚነቀሉ ሁለት ተሻጋሪ ክንፎች አሉት፤ ክሩ በላያቸው ስለሚጠመጠም ክንፎቹ ሲወጡ የተዘጋጀ ልቃቂት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ለመንገደኛ እሱን እመርጣለሁ። ጫፉ ሳህን ላይ ተደግፎ የሚሽከረከረው ደግሞ በክሩ ላይ ክብደት ስለማይጥል ለአጭርና ለቀጭን ጠጉር ተወዳዳሪ የለውም፤ ለመልመድ ግን ከሌሎቹ ይከብዳል።

ስትገዙ ባዶውን አሽከርክሩት። ዘንጉ ከተንቀጠቀጠ፣ መንጠቆው ከመሃል ካፈነገጠ፣ ጫፉ ላይ ጠጉር የሚይዝ ሸካራ ቦታ ካለ ተዉት። በርቀት ከገዛችሁ ሲሽከረከር የሚያሳይ ቪዲዮ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የእንጨቱ ዓይነት፣ የተቀባው ቀለም፣ የተቀረጸው ጌጥ ለዓይን ነው፤ ደስ ካላችሁ ክፈሉበት፣ ፈትሉን ግን አያሻሽለውም።

በእግር የሚሠራ የመፍተያ መዘውር ሌላ ዓለም ነው። አሁን የምለው አንድ ነገር ብቻ፦ ለአልፓካ ከታሰበ፣ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ክሩን ብዙ ጊዜ የሚያከር፣ ክሩን ወደ ውስጥ የሚስብበትን ኃይልም ማላላት የሚቻልበት ይሁን። ይህን ሁለቱን ሳታረጋግጡ በውበቱ ብቻ አትግዙት።

ማበጠሪያና ማባዘቻ

እዚህ ላይ ሐሳቤ ይገለበጣል። «በእጅ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጥ የእጅ ማባዘቻ ላይ ብዙ ጊዜ በእጅ የተሠራው እንጨቱ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የጥርስ ንጣፍ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ስለዚህ የምትከፍሉት ለእጀታው ነው። ገንዘባችሁን የጥርሱ ብዛት ላይ አውሉት። 72 የሚል ቁጥር ያለው ለተለመደ የበግ ሱፍ ይበቃል፤ 112 የሚለው ለአልፓካና ለቀጭን ሜሪኖ ነው። አልፓካን በ72 መባዘት ይቻላል፣ ግን ጉንጉኑ ሳይፈታ ያልፋል። አልፓካ ሲባዘት አቧራው ስለሚነሣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ከግዢው ጋር ቁጠሩት።

ረጃጅም የብረት ጥርስ ያላቸው ማበጠሪያዎች ለሱሪ አልፓካና ለረጅም ጠጉር ናቸው። በጥሩ አንጥረኛ የተሠሩት ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ፤ ጥርሳቸው ስለት ስለሆነ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ መሸፈኛ ያስፈልጋቸዋል።

የሹራብ መርፌና ኪሮሽ

ለአልፓካ ክር እንጨትና ቀርከሃ ይሻላሉ፤ የሚያንሸራትተውን ክር ይዘው ያቆማሉ። ብረት ለበግ ሱፍና ፈጣን እጅ ላለው ሰው ነው። በእጅ የተሠራ ኪሮሽ ስትገዙ የእጀታው ምቾት ብቻውን አይበቃም፤ አንገቱ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል መሆኑን አጣሩ፣ እኩል ካልሆነ ዓይኖቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆናሉ። መጠኑን በሚሊ ሜትር ጠይቁ። የአሜሪካና የእንግሊዝ ቁጥሮች አይገናኙም፤ አሜሪካ 8 የምትለው የ5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ በእንግሊዝ አቆጣጠር 6 ነው። በእጅ የተቀረጸው ደግሞ ከተጻፈበት በግማሽ ሚሊ ሜትር ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ቀዳዳ ያለው የመለኪያ ካርድ ይኑራችሁ።

ክር መጠቅለያ ዘንግ፣ የሚሽከረከር የክር መያዣ፣ የልቃቂት ማጠንጠኛ ማሽን የመሳሰሉት በሚያምር እንጨት ተሠርተው ዓይን ይስባሉ። ለመጀመሪያው ዓመት የወንበር መደገፊያ ይተካቸዋል። በእነሱ ፈንታ ሁለተኛ እንዝርት ግዙ፤ ሁለት ፈትል አንድ ላይ ልትገምዱ ስትነሡ ያስፈልጋችኋል።