ፀጉር አልባው ወይስ ፀጉራሙ? ጅማ ውስጥ ቻይኒዝ ክሬስትድ ለማሳደግ ላሰባችሁ

ቻይኒዝ ክሬስትድ የሚባለው የውሻ ዘር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቁንጮው፣ የጅራቱ ጫፍና ካልሲ ያጠለቀ የሚመስለው እግሩ ብቻ ፀጉር አላቸው፤ ሌላው ገላው ራቁቱን ነው። ሁለተኛው ፓውደርፓፍ ይባላል፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ረዥምና ለስላሳ ፀጉር ለብሷል። የተለያየ ዘር ቢመስሉም ከአንድ እናት በአንድ ቀን ይወለዳሉ። ቁመታቸው ከ28 እስከ 33 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደታቸውም 5 ኪሎ አካባቢ ነው።

እኔ ቤት ያለችው ፀጉር አልባዋ ናት፤ እህቴ ጋ ደግሞ ፓውደርፓፍ አለ። እሷን የሸጠልኝ ሰው «ፀጉር የላትም፣ ስለዚህ ሥራ የላትም» ብሎኝ ነበር። አምኜው በሳምንቱ በረንዳ ላይ ስትጫወት ጀርባዋ በፀሐይ ተቃጥሎ ቀላ። የጅማ ፀሐይ ዝናብ አባርቶ ድንገት ሲወጣ ይፋጃል፤ በተለይ ሮዝ ነጠብጣብ ያለበት ቆዳ አይችለውም። አሁን እኩለ ቀን ላይ ስስ የጥጥ ልብስ አለብሳታለሁ። የፀሐይ ክሬም ከቀባችሁ ዚንክ ያለበት አይሁን፤ ስትልሰው ይመርዛታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባታለሁ። ጣቴን ጀርባዋ ላይ ሳሳልፍ ጤፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ይነኩኛል። የተደፈነ ቆዳ ነው፤ ልክ እንደ ጎረምሳ ብጉር። መጭመቅ ቁስል ያመጣል፤ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። በሐምሌ ብርድ ሹራብ ያስፈልጋታል፤ ግን ሱፍ የሚያሳክካቸው ስላሉ ከጥጥ የተሠራውን ምረጡ።

የፓውደርፓፍ ጣጣ ሌላ ነው። ክረምት ላይ ከጭቃ ሲመለስ ከጆሮው ጀርባና ብብቱ ሥር ያለው ፀጉር ይቋጠራል። እህቴ በየሁለት ቀኑ ሚዶ ይዛ ከሥሩ ትፈታዋለች። ሳታበጥሩ እንዳታጥቡት፤ ቋጠሮው ውኃ ሲነካው ይብስበታል። የእኔዋን ግን ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እጨርሳለሁ። ስለዚህ ለጅማ ክረምት እኔ ፀጉር አልባዋን እመርጣለሁ፤ ቀን ቀን ከፀሐይ የሚያስገባት ሰው ቤት ካለ። ሁላችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ፓውደርፓፉ ይሻላል። ግቢ ውስጥ ማሳደር ለሁለቱም አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት አፏን ክፈቱ። ፀጉር አልባዎቹ መንጋጋ ጥርሳቸው ይጎድላል፤ ያለውም ቶሎ ይወልቃል። የፓውደርፓፍ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ነው። የጉልበት ሎሚ መውለቅና ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የዘር በሽታ ግን ሁለቱንም ይነካቸዋል፤ የወላጆቻቸውን የዓይን ምርመራ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ሳይከተቡ ወደ ቤት አታስገቡ።

«የእኔ ዘር ንጹሕ ፀጉር አልባ ነው፣ ፀጉራም ወልዶ አያውቅም» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትግዙት። ፀጉር የሚያሳጣው ፎክስአይ3 የሚባል ጂን ለውጥ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ቡችላ ሆድ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በሕይወት ያለ ፀጉር አልባ ሁሉ የፀጉራሙን ጂንም ተሸክሟል፤ ሁለት ፀጉር አልባዎች ሲጋቡ ከሚወለዱት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ፓውደርፓፍ ነው።