ከ1960ዎቹ ፖስተሮች የቱን? የስዊሱን ሥርዓት ወይስ የሳን ፍራንሲስኮን ቀለም

ሐሳብ ሲነጥፍብኝ ወደ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖስተሮች እመለሳለሁ። ዘመኑ አንድ ቢሆንም መንገዱ ሁለት ነው።

አንደኛው የስዊስ ዲዛይን ነው። ዮዘፍ ሙለር-ብሮክማን ለዙሪክ የሙዚቃ አዳራሽ የሠራቸውን የኮንሰርት ማስታወቂያዎች ተመልከቱ፤ ገጹ በማይታዩ መስመሮች ተከፋፍሏል፣ ባዶው ቦታም ይናገራል። በ1957 የወጣው የሄልቬቲካ ፊደል የዚሁ መንፈስ ልጅ ነው። መረጃ የበዛበት ሥራ ሲገጥመኝ ወደዚህ እሄዳለሁ።

ልቤ ያለው ግን ሁለተኛው ጋ፣ የሳን ፍራንሲስኮው የሮክ ኮንሰርት ፖስተር ላይ ነው። ፊደሉ እንደ ነበልባል ስለሚጠማዘዝ ቆመው ካላዩት አይነበብም። የፖስተር ሠዓሊው ዌስ ዊልሰን ይህን ፊደል ከባዶ አልፈጠረውም፤ የቪየናው ሠዓሊ አልፍሬድ ሮለር ከ60 ዓመታት በላይ ቀድሞ ከሳለው ተነስቶ ነው ያሳደገው። እኛ ዛሬ የምንቀዳው ዘመን ራሱ ከሌላ ዘመን የቀዳ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳውቅ ትልቅ ድፍረት ተሰማኝ። ሌላው የፖስተር ሠዓሊ ቪክተር ሞስኮሶ ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከዮዘፍ አልበርስ የተማረውን የቀለም ትምህርት በተቃራኒው ተጠቀመበት። ድምቀታቸው እኩል የሆነ ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጠርዛቸው የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በስልክ ስክሪን ላይ ሞክሩት፣ ዛሬም ይሠራል።

ከስዊሱ ገጹን የሚከፋፍሉትን መስመሮች ስሌት ውሰዱ፤ ሄልቬቲካን ብቻ መውሰድ ገጹን ባዶ ያስመስለዋል። ከሳን ፍራንሲስኮው ወይ ፊደሉን ወይ ቀለሙን ምረጡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ፖስተር እንጂ በስልክ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም።