ሌድ ዜፔሊን ወይስ ፒንክ ፍሎይድ? ክላሲክ ሮክን ለሚጀምር ሰው

ክላሲክ ሮክ (በተለይ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የሮክ ሙዚቃ) መስማት ለጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት እንግሊዛዊ ባንዶች አልበሞች ይጠቆማሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የሌድ ዜፔሊን አራተኛ አልበም ነው። ሌላው የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው፣ በ1973 የወጣው።

ዜፔሊን ገና ከመጀመሪያው ይይዛችኋል። ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት ያለ አጃቢ ያወጣል፣ ባንዱ ይቀበለዋል። እንዲህ ያለው አውጪና ተቀባይ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ፒንክ ፍሎይድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያበቃል። ዘፈኖቹ እየተያያዙ ስለሚሄዱ እየዘለሉ መስማት ያበላሸዋል። ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ የብዙ ሰዓቶች ደወል በአንዴ ይጮኻል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ መደንገጣችሁ አይቀርም! ከሁሉም በላይ ግን ድምፃዊቷ ክሌር ቶሪ አለች። አንድም ቃል ሳትናገር በድምፅዋ ብቻ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ ትረጋጋለች። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው እንኳ ሆዱ ይባባል።

ቶሎ ለመውደድ ዜፔሊን ይቀላል። እኔ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ፒንክ ፍሎይድ ነው። ማታ፣ በጥሩ ማዳመጫ፣ 43 ደቂቃውን ሳታቋርጡ ስሙት።