ከመፈረሜ በፊት ጠበቃ ጋ ሄጄ ተረፍኩ

ቡሬ 6 ዓመት ከሠራሁበት ድርጅት በሠራተኛ ቅነሳ ወጣሁ። የሰው ሀብት ኃላፊው «እዚህ ጋ ፈርም፣ ብርህን ነገ ትወስዳለህ» አለኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ወንድሜ «ሳታስነብብ እንዳትፈርም» ብሎኝ ስለነበር ግን ወረቀቱን ኮፒ አድርጌ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ጠበቆች አንዱ ጋ ሄድኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር በቀይ አሰመሩባት፤ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የክፍያ ጥያቄ የለኝም» ትላለች። «ልጄ፣ ይቺን ፈርመህ ብትመጣ ኖሮ ነገሩ ይከብደን ነበር» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን ገልጠው አሰሉልኝ። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለቀጣዮቹ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያና ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም አለ። ወረቀቱ ላይ የነበረው የአንድ ወር ደሞዝ ብቻ!

ወረፋው ያሰለቻል፣ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ግን የጻፉልኝን ደብዳቤ ሳስገባ ድርጅቱ ሂሳቡን አስተካክሎ ከፈለኝ። የምትሄዱ ካላችሁ የቅጥር ውላችሁን ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።