ጂብራልታር ወይስ ሆንግ ኮንግ፦ የ1940 ሁለት የማሸሽ ዕቅዶች

እ.ኤ.አ. በ1940 ብሪታንያ ጦርነት ያሰጋቸውን ሁለት ቅኝ ግዛቶች ነዋሪዎች ለማሸሽ ወሰነች። ዕቅዶቹ የተነደፉት በዝግ በር ነው፤ ሕዝቡን ያማከረው አልነበረም።

በስፔን ደቡባዊ ጫፍ ባለችው የብሪታንያ ምሽግ በጂብራልታር፣ ማን ይውጣ ለሚለው መለኪያው ሥራ ነበር። ለምሽጉ የሚያስፈልጉ ወንዶች ይቀራሉ፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይወጣሉ። መጀመሪያ ከ13,000 በላይ ሰዎች በቅርብ ወዳለው የፈረንሳይ ሞሮኮ ተላኩ። ዕቅዱ የተሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው፤ መጠለያው በሙሉ በአንድ አጋር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፈረንሳይ በጁን እጅ ሰጠች። ጁላይ 3 የብሪታንያ ባሕር ኃይል በአልጄሪያው የመርስ ኤል ከቢር ወደብ የፈረንሳይን መርከቦች፣ በጀርመን እጅ እንዳይወድቁ ብሎ፣ ሲመታ፣ ተፈናቃዮቹ በአስቸኳይ ውጡ ተባሉ። የተሳፈሩት የፈረንሳይ ወታደሮችን ባራገፉ የጭነት መርከቦች ነው፤ መርከቦቹን ለማጽዳት እንኳ ጊዜ አልተሰጠም። ኋላ ወደ ለንደን፣ ማዴይራና ጃማይካ ተበተኑ። የመጨረሻዎቹ አገራቸው የገቡት በ1951 ነው።

የሆንግ ኮንግ መንገድ በዚህ ረገድ ይሻላል፦ ማኒላ መሸጋገሪያ ብቻ ነበረች፣ መድረሻው አውስትራሊያ። ወደ 3,500 ሴቶችና ሕፃናት ወጡ። መለኪያው ግን ዘር ነበር፤ ቻይናውያንና ድብልቅ ዘር ያላቸው የብሪታንያ ተገዢዎች ተተዉ። ይህ በምንም ሰበብ የሚታለፍ በደል አይደለም። ነርስ ሆነው በመመዝገብ የቀሩ አውሮፓውያን ሴቶችም ነበሩ። ከተማዋ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 ለጃፓን ስትወድቅ ብዙዎቹ ጃፓኖች ሲቪሎችን ባሰሩበት በስታንሊ ካምፕ ታጎሩ።

ሰው በመምረጥ የጂብራልታሩ፣ መድረሻ በመምረጥ የሆንግ ኮንጉ ይበልጣል።