የዘይት ቅየራ በባሕር ዳር፦ ዋስትናዋ ላላለቀ መኪና የተሰጠኝ አገልግሎት

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የገዛኋት ባለ 1.2 ሊትር የቤንዚን መኪና የ3 ዓመት ወይም የ100,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አላት፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ሰርቪሱ በወቅቱ ካልተደረገና በሰርቪስ ደብተሩ ላይ ካልተመዘገበ ዋስትናው ስለማይጸና፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የሻጩ ወኪል ጋራዥ ሁለት ጊዜ ለዘይት ቅየራ ሄጃለሁ። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ስለ ሥራው፣ ይልቁንም ስለ መቀየሪያው ጊዜ ስለሰጠኝ ምክር ነው።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ሁለት ሰንጠረዦች አሉት። በመደበኛ አነዳድ ዘይትና ፊልትሮ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ12 ወሩ፣ በከባድ አነዳድ ደግሞ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ6 ወሩ እንዲቀየር ያዛል፤ በሁለቱም ቢሆን ቀድሞ የደረሰው ይበልጣል። ጋራዡ ግን በመስታወቱ ጥግ የለጠፈልኝ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ሰፍሯል፤ ካለሁበት 5,000 ጨምሮ። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ መኪናዋን የትና እንዴት እንደምነዳ ሳትጠይቀኝ ነው የጻፈችው። ምክንያቱን ስጠይቃት «ጋሼ፣ ለሁሉም እንደዚሁ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ዋስትናው አይሠራም» ብላ መለሰችልኝ። ለወሩ የተተወው መስመር ባዶውን ቀረ።

ይህ ባዶ መስመር ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ከባድ ጉድለት ነው። በመጀመሪያው ቅየራ፣ በመስከረም 2018፣ ኪሎ ሜትሬ 2,840 ነበር፤ በሁለተኛው፣ በመጋቢት፣ 5,610። በወር 500 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም ማለት ነው። በወረቀቱ ተመርቼ 7,840 እስኪሞላ ብጠብቅ ኖሮ በዚያው ዘይት አሥር ወር አልፎኝ እነዳ ነበር። «ጠብቅ» የተባልኩትን ጠብቄ፣ መጽሐፉ የሰጠኝን የ6 ወር ገደብ በአራት ወር አሳልፍ ነበር ማለት ነው። ብዙ የከተማችን ነጂዎች በ5,000 እና በ10,000 ይከራከራሉ፤ ቤትና ሥራ ቦታው ቅርብ ለሆነ ሰው ግን ክርክሩ ስለ ወሩ መሆን ነበረበት።

«ከባድ አነዳድ» ሲባል ጭነት የሚጎትት መኪና ለሚታየው ሰው የእኔን የዕለት ጉዞ ልንገረው። ጠዋት ከቀበሌ 14 ተነሥቼ እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለው ፔዳ ግቢ የምደርሰው ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ነው፤ እዚያው ቀዝቅዞ ይውላል፣ ማታ እንደገና በብርድ ይነሣል። ያልሞቀ ሞተር ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ሳይቃጠል የቀረው በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎትም ውስጥ ውስጡን ውሃ ይሆናል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ዘይቱ ስለሚግል ይህን ሁሉ አትንኖ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጎንደር ደርሶ መልስ የሚመላለስ ጎረቤቴ ኪሎ ሜትሩ ከእኔ እጅግ ቢበልጥም ዘይቱ ከእኔ ያነሰ ይሠቃያል። በዚህ ላይ የቤንዚን ሰልፍ አለ፤ አስነሥቶ ሁለት መኪና ያህል መጠጋት፣ ማጥፋት፣ ደግሞ ማስነሣት። ይህ ድካም በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ አይታይም። በየወሩ ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ከመራዊ አስፋልቱን ለቅቄ በኮረኮንች አቧራ እጓዛለሁ። ጋራዡ ከባዱን ሰንጠረዥ መምረጡ ልክ ነው፤ ያስቀየመኝ ምክንያቱን አለማወቁ ወይም ለመናገር አለመፈለጉ ነው።

ወደ ሥራው ስመጣ የምነቅፈው የለኝም። ሁለቱንም ጊዜ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ እንዳይ ተፈቅዶልኛል። መካኒኩ ዘይቱን ሞተሩ ገና ሳይበርድ አፈሰሰው፤ የመፍሰሻውን ቡሎን ሲመልስ አሮጌውን ሮንዴላ ጥሎ አዲስ አደረገ። ፊልትሮውን ሲፈታ ገልብጦ ጎማው አብሮት መውጣቱን አየ፣ ምክንያቱም አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ ከተደረበበት ዘይቱ ይተፋል። ከዚያ ጣቱን አዲስ ዘይት ነክሮ የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዙሪያውን ቀባና በእጁ ብቻ አጠበቀው። ሞተሯ ከባለ 4 ሊትሩ ዘይት 3.5 ሊትር ያህል ስለምትወስድ የተረፈውን ክዳኑን አጥብቆ ኮፈኑ ሥር ሳይሆን በእጄ ሰጠኝ። ሌላ ቦታ የተረፈ ዘይት ሲመለስልኝ አላስታውስም።

የዘይቱም ዓይነት በመጽሐፉ የታዘዘው ቀጭኑ 5ደብሊው-30 (5W-30) ነበር። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አንድ ሻጭ «ለሐይቅ ዳር ሙቀት ወፍራሙ ነው የሚያዋጣው» ብሎ 20ደብሊው-50 ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር፤ ዋስትና ላይ ላለች መኪና ከታዘዘው የወጣ ዘይት መጨመር ለተከራካሪ ምክንያት ማቀበል ስለሆነ አልገዛሁም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የደብተሩ አጻጻፍ ነው። የሽያጩ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ መጋቢት 2025፣ ታትሟል። የመጀመሪያው ሰርቪስ ማህተም ላይ ግን በእስክሪብቶ የተጻፈው 12/01/18 ነው። እኛ መስከረም 12 ቀን 2018 ብለን እናነበዋለን። በሽያጩ ቀን አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ግን ጥር 2018 ያደርገዋል፤ መኪናዋ ከመሸጧ ሰባት ዓመት በፊት ዘይት ተቀይሮላታል ማለት ነው። ነገ ሞተሩ ቢበላሽና ደብተሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ቢላክ፣ በወቅቱ መቀየሩን የሚያስረዳልኝ ይኸው አንድ መስመር ነበር። ሳሳየው የክፍሉ ኃላፊ ሳቀ፤ ሆኖም ተቀምጦ የሁለቱንም ሰርቪስ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈልኝ፣ ኪሎ ሜትሩንም ጨመረበት፣ በድጋሚ ማህተም አደረገበት። እኔም የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበትን ደረሰኝ ከደብተሩ ጋር በስፒል አያይዤዋለሁ።

ክፍያው ውጭ ካሉት ጋራዦች በሩብ ያህል ይበልጣል፤ ሰኞ ጠዋት የሄደ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሐሙስ ከሰዓት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጥቻለሁ። ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው እቀጥላለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መስከረም 2019 ነው፤ ወሩን ባዶው መስመር ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።